«በጀት አለ» ከተባለ መድኃኒቱ ለምን የለም?

«የመድህን መታወቂያዬን ይዤ ሄድኩ፣ ከውጭ ግዛ አሉኝ።» ደሴ ወይ ኮምቦልቻ እየኖረ ይህን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። በሌላ በኩል ደግሞ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ምክር ቤት ይቀመጥና ለጤና ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ጸደቀ ይባላል። ሰው ሁለቱን ያጋጭና «በልተውታል» ብሎ ይደመድማል። የሚበላበት ጊዜ አለ፤ እሱን ለኦዲተር እንተወው። ግን ማንም አምስት ሳንቲም ሳይነካ በጀት አለ፣ መድኃኒት የለም ሊሆን ይችላል። ብዙዎቻችን የማንረዳው ይሄኛውን ነው።

ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው?

ከአንድ ቦታ አይመጣም። ጣጣው የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው መንግሥት የሚመድበው በጀት ነው። ፌዴራል መንግሥት ለክልሎች ጥቅል ድጎማ ይሰጣል፣ ማን ስንት ይድረሰው የሚለውን ቀመር የሚያጸድቀው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ በዚያ ላይ የራሱን ገቢ ጨምሮ ለቢሮዎቹና ለትልልቅ ሆስፒታሎች ያስቀርና የቀረውን ለወረዳና ለከተማ አስተዳደር ያወርዳል። ጥቅል የተባለው «ይህ ለጤና፣ ይህ ለትምህርት» ተብሎ ተቆርጦ ስለማይመጣ ነው። መንገዱም፣ ውሃውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም ከዚያችው ላይ ይሻማሉ።

ሁለተኛው የውስጥ ገቢ ይባላል። ካርድ ስናወጣ፣ ለላብራቶሪ፣ ለራጅ የምንከፍለው ነው። ድሮ ይህ ገንዘብ እንዳለ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይሄድ ነበር፤ ሆስፒታሉ ሰብስቦ ማስረከብ እንጂ ለራሱ አምፖል እንኳ ሊገዛበት አይችልም። በ1990ዎቹ የጤና ፋይናንስ ማሻሻያው ሲመጣ ነው ተቋማት የሰበሰቡትን እዚያው እንዲጠቀሙበት የተፈቀደው። አማራ ክልል ቀድመው ከጀመሩት አንዱ ነው። አሠራሩ ሁለት ነገር ያስገድዳል። ይህ ገንዘብ በመንግሥት በጀት ላይ ይጨመራል እንጂ በእሱ ፈንታ አይቆጠርም፤ «ብዙ ስለሰበሰባችሁ በጀታችሁን ቀንሰናል» ማለት አይፈቀድም (በወረቀት ላይ ነው የምላችሁ)። ደግሞም ለቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ አይውልም፣ ለአገልግሎቱ ነው። በምን ላይ እንደሚወጣ የሚወስነው የተቋሙ ሥራ አመራር ቦርድ ነው።

ሦስተኛው ጤና መድህን ነው። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የቀን ሠራተኛው በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይከፍልለታል። ይህ ነገር ለእኛ ሰፈር እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በአገር ደረጃ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለው ተሁለደሬ ነበር። ሐይቅ ያሉ ሰዎች ከአብዛኛው ኢትዮጵያዊ በፊት የመድህን መታወቂያ ይዘዋል።

አራተኛው ከለጋሾች የሚመጣው ነው። የኤችአይቪ፣ የቲቢ፣ የወባ መድኃኒት፣ ክትባት። እሱ ላይ እመለሳለሁ።

አንዱ ጋ ገንዘብ ካለ ወደ ጎደለው ማዞር አይቻልም?

እንደልብ አይቻልም። የቅሬ (የእድር) ሣጥን አስቡ። ሣጥኑ ውስጥ ብር አለ፣ እናንተ ቤት ጤፍ አልቋል። ገንዘብ ያዡ እናንተው ብትሆኑ እንኳ ከቅሬው አንስታችሁ ጤፍ አትገዙም። ገንዘቡ የተቀመጠለት ነገር አለ፣ ካነሳችሁም ጉዳችሁ ነው።

የጤና ተቋም በጀትም እንዲሁ በየሣጥኑ ነው። የደመወዝ አለ። ሥራ ማስኬጃ አለ፦ ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ ጓንት፣ መብራት፣ ጥገና፣ የሕሙማን ምግብ። ካፒታል አለ፦ ሕንፃና ትልልቅ ዕቃ። በፋይናንስ ሕጉ ከካፒታል ወደ ሥራ ማስኬጃ ማዛወር ክልክል ነው። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ አዲስ ሕንፃ ሲገነባ እያያችሁ እዚያው ጎን ባለው ክፍል ጓንት የለም ብትባሉ ሁለቱም እውነት ነው። የሲሚንቶው ብር ጓንት አይገዛም።

ሌላም አለ። ጸደቀ ማለት ተላከ ማለት አይደለም። ገንዘቡ የሚለቀቀው በየወሩ ከፋፍሎ ነው፣ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ባለው ልክ። በዚያ ላይ ግዥ ጨረታ አለው፣ ጨረታው ደግሞ የራሱ ቀጠሮ አለው። ሰኔ 30 ሲመጣ ያልተነካው የመንግሥት በጀት ተመላሽ ይሆናል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሁሉም ቢሮ በድንገት ወንበርና ፕሪንተር የሚያምረው ለዚህ ነው። የውስጥ ገቢው ግን ወደ ሚቀጥለው ዓመት መሻገር ይችላል፣ ብልህ ሥራ አስኪያጅም መጠባበቂያውን እዚያ ላይ ያኖራል።

10 በመቶ ተቀነሰ ሲሉ በሽተኛው ለምን ያን ያህል ይጎዳል?

ይህን በቁጥር እንየው። ቁጥሩ የኔ ምሳሌ ነው፣ የማንም ሆስፒታል አይደለም።

አንድ ሆስፒታል 100 ብር በጀት አለው እንበል። 70ው ደመወዝ ነው። የቀረው 30 ሥራ ማስኬጃ። በዓመቱ መሀል «10 በመቶ ቀንሱ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ከደመወዝ መቀነስ አይቻልም፣ ነርሷ የሰኔ ደመወዟን አትተውላችሁም። ስለዚህ 10ሩ ብር በሙሉ የሚወጣው ከ30ው ላይ ነው። ከበላይ ሲታይ 10 በመቶ የነበረው፣ መድኃኒት ቤትና አምቡላንስ ጋ ሲደርስ ሲሶ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ከ30ው ውስጥ መብራትና ውሃ መክፈል ግዴታው ነው። የሚቀረው ምንድን ነው? መድኃኒት፣ ሪኤጀንት (የላብራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል)፣ ነዳጅ፣ ጥገና፣ የዲውቲ (የተረኝነት) ክፍያ። ዲውቲ ሲዘገይ ሐኪም ይማረራል፣ ጥገና ሲዘገይ ማሽን ይቆማል፣ ሁለቱም ተጠራቅመው በሽተኛ ላይ ያርፋሉ።

ለዚህ ነው «ትንሽ ነው የተቀነሰው» ሲባል የማላምነው። ጥያቄው ስንት ተቀነሰ ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ላይ ተቀነሰ ነው።

መድኃኒት ቤቱስ የሸጠበትን አይገዛበትም እንዴ?

ይገዛበታል። አሠራሩ እንዲያውም ጥሩ ነው። ተቋሙ መድኃኒት ይገዛል፣ ትንሽ ጨምሮ ይሸጣል፣ በሽያጩ መልሶ ይገዛል። ተዘዋዋሪ የመድኃኒት ገንዘብ ይሉታል። ዋናው አቅራቢ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው፣ ደሴ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ የአካባቢው ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የሚጭኑት ከዚያ ነው። አቅራቢው ጋ ከሌለ በጨረታ ወይ በፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ ሰብስቦ) ከግል አስመጪ ይገዛል፣ በውድ።

ይህ ዙረት ሁለት ቦታ ላይ ይበጠሳል።

አንዱ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። አብዛኛው መድኃኒትና ሪኤጀንት ከውጭ ነው የሚመጣው። አሁን መድኃኒት ቤቱን አስቡት። 100 ፓኮ በ50 ብር ሸጠ፣ 5,000 ብር ያዘ። ሊገዛ ሲሄድ ዋጋው 90 ገብቷል። 55 ፓኮ ይዞ ይመለሳል። ማንም አልሰረቀም፣ ሒሳቡም ልክ ነው፣ መደርደሪያው ግን በግማሽ ሊጎድል ምንም አልቀረው። የካርድና የምርመራ ዋጋው ደግሞ በየቀኑ አይሻሻልም፤ መጽደቅ አለበት፣ ዓመታት ይቆያል።

ሁለተኛው ዱቤ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ የመድህን ቅሬታ ሥሩ ያለው እዚህ ስለሆነ።

አንዲት እናት ከወረባቦ ወረዳ መጣች እንበል፣ የመድህን አባል ናት። ታየች፣ ላብራቶሪ ሄደች፣ መድኃኒት ወሰደች፣ አልከፈለችም። ጥሩ። ሆስፒታሉ ግን ያን መድኃኒት በጥሬ ገንዘብ ነው የገዛው። አሁን የእሷን ፎርም ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ አድርጎ ለወረዳዋ መድህን ክፍያ ይጠይቃል፣ በተለምዶ በየሩብ ዓመቱ። መድህኑ ፎርሞቹን ይመረምራል። አንዱ ላይ የሐኪም ፊርማ የለም፣ አንዱ ላይ የአባልነት ቁጥሩ አይነበብም፣ አንዱ ላይ ማህተም ተረስቷል፤ እነዚያ ውድቅ ይሆናሉ። የቀሩትም ገንዘቡ ካለ ነው የሚከፈሉት። መዋጮ የሚሰበሰበው በአብዛኛው አዝመራ ከገባ በኋላ ነው፣ በሽታ ግን አዝመራ አይጠብቅም። በዚህ መሀል ሆስፒታሉ በመዝገብ ላይ ባለ ሀብት ነው፣ ብዙ ይከፈለዋል። በእጁ ግን ጥሬ ብር የለም፣ አቅራቢው ጋ ሄዶ «መድህን ሲከፍለኝ እከፍላለሁ» ቢል ማንም አይሰማውም። ስለዚህ መደርደሪያው ይራቆታል። የሚቀጥለው የመድህን አባል ሲመጣ «ከውጭ ግዛ» ይባላል። እሱ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ለምን መዋጮ ይክፈል? ካልከፈለ መድህኑ የበለጠ ይደኸያል፣ ለሆስፒታሉ የሚከፍለውም የበለጠ ይዘገያል። አዙሪት ነው።

ደሴ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ሆስፒታሉ የደሴ ሰው ብቻ አይደለም የሚታከምበት፤ ከደቡብ ወሎ፣ ከሰሜን ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከአፋርም ሪፈር ይመጣል። ስለዚህ ክፍያ የሚጠየቀው አንድ መድህን አይደለም፣ ብዙ ወረዳ ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ አቅምና በራሱ ፍጥነት ይከፍላል።

ነፃ የሚባለውን ማን ይከፍለዋል?

ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና፣ የቤተሰብ ምጣኔ በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ ናቸው። ነፃ ለእኛ ነው። ጓንቱ፣ የስፌት ክሩ፣ ደም ለማቆም የሚሰጠው መርፌ ዋጋ አላቸው፣ አንድ ሰው ከፍሎባቸዋል። ለረጅም ጊዜ ብዙውን የከፈሉት ለጋሾች ናቸው።

ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን ሲያቆም ይህ በግልጽ ታየ። በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው በኤችአይቪና በሌሎች ፕሮግራሞች ይሠሩ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ጻፈ። አገልግሎቱ ግን «ነፃ» መባሉ አልቀረም። በሽተኛው አልቀነሰም፣ የሚያስተናግደው ሰውና ገንዘቡ ነው የቀነሰው። ልዩነቱን ያው ተቋሙ ከራሱ ኪስ ይሞላል፣ ወይም ሰልፉ ይረዝማል።

የአፍሪካ መሪዎች በሚያዝያ 1993 አቡጃ ላይ ከዓመታዊ በጀታቸው 15 በመቶ ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር። ቃሉን የጠበቁት አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ያኔ ቢጠበቅ ኖሮ የጥር 2017ቱ ድንጋጤ እንዲህ አይከብድም ነበር።

ታዲያ ገንዘብ ሲያጥር ምኑ ነው የሚቀነሰው?

ቀላሉ መንገድ ከሁሉም እኩል መቁረጥ ነው። ከሁሉም 10 በመቶ። ፍትሐዊ ይመስላል፣ ማንም አያኮርፍም። ግን ከፕሪንተር ቀለም 10 በመቶ መቁረጥና ከኦክስጅን 10 በመቶ መቁረጥ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ሲቀር ደብዳቤ ይዘገያል። ሁለተኛው ሲቀር ሰው ይሞታል።

ስለዚህ ደህና የሚሠራ ተቋም ከቅነሳው በፊት የማይነካውን ይለያል። ፋርማሲስቶች መድኃኒትን በሦስት ይከፍሉታል፦ ከሌለ ሕይወት የሚያልፍበት፣ አስፈላጊ የሆነው፣ እና ቢዘገይም የሚታለፈው። ኢንሱሊን፣ ኦክስጅን፣ ከወሊድ በኋላ ደም የሚያቆመው ኦክሲቶሲን፣ የማደንዘዣ መድኃኒት የመጀመሪያው ውስጥ ናቸው። ገንዘብ ስትጠፋ መጀመሪያ የእነሱ የሦስት ወር ግዥ ይቀመጣል፣ ከዚያ የቀረው ይደለደላል። ቫይታሚኑና ሦስት ዓይነት የሳል ሽሮፕ ይጠብቃሉ። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። በተግባር ግን እያንዳንዱ ክፍል የኔ ነው አንደኛ ይላል፣ ዝርዝሩን ከነክርክሩ የሚያጸና ኮሚቴ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ብክነት። በሽተኛ ሳይነካ ገንዘብ የሚገኘው እዚህ ነው። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት አለ፤ አንዱ ተቋም ጋ ሊበላሽ ሁለት ወር የቀረው፣ ሌላው ጋ ደግሞ ጠፍቶ የሚለመን። ኮምቦልቻ ያለ ትርፍ ደሴ ያለን ጉድለት ሊሸፍን ይችላል፣ በመካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት መውጣት ነው፤ ግን የመላላኪያ ደብዳቤው ከመድኃኒቱ ዕድሜ ይረዝማል። ውድቅ የሆኑት የመድህን ፎርሞችም አሉ። አንድ ፊርማ ስለተረሳ የማይከፈል ሕክምና ማለት ሆስፒታሉ በነፃ ሠራ ማለት ነው። አንድ ጠንቃቃ ጸሐፊ ፎርሙን ከመላኩ በፊት ቢያይ ደመወዙን ብዙ ጊዜ ያወጣል። የመድኃኒት ክምችትን በብር ጭምር የሚቆጣጠር፣ ለኦዲት ክፍት የሆነ አሠራርም በአገራችን አለ፤ መጀመሪያ የተሞከረው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ከገባበት እስከ ወጣበት ይታያል። ያኔ «ጠፋ» የሚባል ነገር ያንሳል።

ከዚያ ማሽን። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ብዙ መሣሪያ ሄዷል። እንዲህ ያለ ውድመት ሲደርስ እርዳታ ይመጣል፣ የተሰጠ ማሽን አይናቅም። ግን አንዳንዱ የላብራቶሪ ማሽን ዝግ ነው፤ የራሱን ፋብሪካ ሪኤጀንት ካልሆነ ሌላ አይቀበልም። ሦስት ዓይነት ማሽን ከሦስት ለጋሽ ከተቀበላችሁ ሦስት ዓይነት ሪኤጀንት ከሦስት አስመጪ ልትለምኑ ነው። ማሽኑ በነፃ፣ ምግቡ በዶላር። «ማሽኑ አለ፣ ሪኤጀንት አልቋል» ከሚባለው በስተጀርባ አንዳንዴ ይህ አለ። ስጦታ ከመቀበል በፊት ሪኤጀንቱን ማን ያቀርባል፣ ሲበላሽስ ማን ይጠግናል ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ቁጠባ የሚመስሉ ግን የሚያከስሩም አሉ። የአምቡላንስ ነዳጅ ዋነኛው ነው። ጤና ጣቢያ ያለች ወላድ ደም እየፈሰሳት «ነዳጅ የለም» ከተባለ፣ ወይ ቤተሰቧ ለኮንትራት መኪና ተበድሮ ይከፍላል፣ ወይ ዘግይታ ትደርሳለች። ዘግይታ ስትደርስ ደም ያስፈልጋታል፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ ብዙ ቀን ትተኛለች። ከወረዳው ነዳጅ ላይ የተቆጠበው ብር ሆስፒታሉ ላይ ተባዝቶ ወጣ። የተቆጠበው ሒሳብ አንዱ መዝገብ ላይ፣ ኪሳራው ሌላው መዝገብ ላይ ስለሚጻፍ ማንም አንድ ላይ አያየውም። ጽዳትም እንደዚሁ ነው። የጽዳት ሠራተኛ ቀነስን ብሎ የተደሰተ ሆስፒታል በቁስል ኢንፌክሽን ይከፍለዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መሄድ ሲያቆሙ ደግሞ ኪሳራው ዘንድሮ አይታይም፣ ከርሞ ነው የሚታየው፣ ለዚህም ነው ለመቁረጥ የሚያጓጓው።

እኛስ ይህን ሁሉ የት ነው የምንጠይቀው?

አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ነው፣ ከፋርማሲስቷ ጋር። እሷ ግን በጀት አትመድብም። ስትቆጡባት የምትመልሰው ነገር የላትም፣ ያላትን ሰጥታለች።

የሚጠየቅበት ቦታ ሌላ ነው። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ቦርድ አላቸው፣ ቦርዱ ውስጥ የኅብረተሰብ ተወካይ መቀመጥ አለበት። የእናንተ ሰፈር ጤና ጣቢያ ላይ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ የማይታወቅ ከሆነ ያም ራሱ መልስ ነው። ሲያገኙት የሚጠየቀው «ስንት በጀት አላችሁ?» አይደለም። ከበጀቱ ስንቱ ለመድኃኒት ነው? ከመድህን ያልተከፈላችሁ ስንት ነው፣ ከየትኛው ወረዳ? ባለፈው ዓመት ጊዜው አልፎ የተወገደው መድኃኒት የስንት ብር ነው? የሰበሰባችሁት የውስጥ ገቢ በምን ላይ ወጣ?

ጊዜውም ቁም ነገር ነው። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ዝግጅት የሚጀመረው በዓመቱ አጋማሽ፣ ከጥርና ከየካቲት አካባቢ ጀምሮ ነው። ሐምሌ ላይ ምክር ቤቱ ሲቀመጥ ቁጥሮቹ በአብዛኛው ተሠርተው አልቀዋል፣ የሚቀረው እጅ ማውጣት ነው። የአምቡላንስ ነዳጅ ወይም የኢንሱሊን ግዥ በዝርዝሩ ውስጥ እንዲገባ የሚፈልግ ሰው ጥር ላይ መናገር አለበት። መዋጮ ለመሰብሰብ ወደ ቤታችሁ የሚመጡትም በዚያው ሰሞን ነውና እግረ መንገዱን ይጠየቃሉ።